ጥይቱ ሲቆም መዝገቡ ይከፈት

ጦርነት ባለፈበት አገር መንግሥት መጀመሪያ የሚሠራው ይታወቃል፤ ኬላ ያቆማል፣ ፖሊስ ይመልሳል፣ የተቋረጠ መብራት ያስቀጥላል። ቅርስ ግን «አገር ሲረጋጋ» ለሚባል ቀን ይቀጠራል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ባይ ነኝ፤ ቅርስ የሚጠፋው በመድፍ ብቻ አይደለምና። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ)። ከዚያ የተዘረፉት መጻሕፍትና መስቀሎች የተሸጡት ግን ከሳምንት በኋላ ደላንታ ሜዳ ላይ፣ የእንግሊዝ ጦር ራሱ ባዘጋጀው ጨረታ ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነው። ግርግሩ አልፎ ነበር፤ ሥርዓትም ነበር፤ የጎደለው ይህ ዕቃ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ነው።

እዚህ እስራኤል፣ ሮሽ ሃዓይን ከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት መቅደላ ድረስ መሄድ አያሻንም። ከተማዋ የተነሳችው በ1949 እና 1950 ከየመን የመጡት አይሁዶች ካረፉበት ሰፈር ነው፤ ቦታው የእንግሊዝ አየር ኃይል ጣቢያ የነበረ ነው። አገሪቱ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነበር፤ ወደ 50,000 ሰው በአውሮፕላን ማምጣቷም የሚደነቅ ሥራ ነው። ሰዎቹ ግን በመርከብ ይላክላችኋል ተብለው ካስረከቧቸው የኦሪት ጥቅልሎችና የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት ብዙዎቹ አልደረሷቸውም፤ ቅሬታው ዛሬም አለ። ከከተማው አጠገብ ቴል አፌቅ ላይ ያለው የኦቶማን ምሽግ ግን እንደቆመ ነው። ድንጋይ በሻንጣ አይወሰድ!

ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ አማራ ክልል ስንሄድ ደግሞ ዕቃው መታወቁ የሚያመጣውን ልዩነት አንድ መስቀል ያሳየናል። አፍሮ አይገባ በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅየም፣ ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ በ2001 ተመለሰ። የሚታወቅ መስቀል ስለሆነ የእኛ ነው ለማለት አላስቸገረም። ከአንድ ገጠር ደብር ዕቃ ቤት የወጣ ድርሳነ ሚካኤል ነገ ጨረታ ላይ ቢታይስ? ፎቶ የለው፣ ቁጥር የለው፣ በምን ይመለሳል? ምዝገባው በክፉ ዘመንም ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ ታይቷል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ አብዮቱንና ደርግን አልፎ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ቀድቷል፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ ተቀመጠ።

«ሕዝብ እየተራበ ብራና ትቆጥራላችሁ?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ አንድ ካሜራና ሁለት ጸሐፊ የእህል መኪና አያስቀሩም። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ መዝገቡን ማን ይያዝ? በ2021 ላሊበላ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፤ ከኦገስት 2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ መንግሥትና ፋኖ የተባሉት ታጣቂዎች እየተዋጉ ነው። ከተዋጊዎቹ አንዱ መዝገብ ይዞ ቢመጣ ዕቃ ቤቱን የሚከፍትለት ቄሰ ገበዝ የለም፤ ባይከፍትም አልፈርድበትም። ዝርዝሩ ሌባ እጅ ከገባ መንገድ ጠቋሚ ይሆናልና። ስለዚህ የመንግሥት ግዴታ መዝገቡን መያዝ ሳይሆን እንዲኖር ማድረግ ነው፦ ሕጉንና ገንዘቡን ይስጥ፣ መንገዱን ያስከብር፤ ቀረጻውን ቤተ ክህነትና ዩኒቨርሲቲ ይሥሩት፣ ቅጂው ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጥ፣ ዕቃው ከደብሩ ንቅንቅ አይበል።

ይህ ምኞት አይደለም፤ እዚሁ ተሠርቷል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከኢትዮጵያ የመጡ ቀሶች (የኢትዮጵያ አይሁዶች ካህናት) ያቆዩዋቸውን ኦሪቶች ሲመዘግቡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ማግኘታቸው በ2025 ተነግሯል። ምስላቸው ተቀዳ፤ ኦሪቶቹ ከቀሶቹ ዘንድ ቀሩ። የየመን ሽማግሌዎች በ1949 የተነፈጉት ይኸው ነበር።