መዝገበ ዕውቀት እየተረጐሙ መማር

ባለፈው የትምህርት ዘመን ከመሥሪያ ቤት ሥራችን በኋላ ማታ ማታ በምንከታተለው የትርጉም ትምህርት የተሰጠን ሥራ ከለመድነው የተለየ ነበረ። በፈተና ፈንታ፥ ውክፔዲያ ከተባለው፥ በኢንተርኔት ከሚነበበው መዝገበ ዕውቀት አንዳንድ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድንመልስና በአማርኛው የጐደለውን እንድንሞላ ታዘዝን። ይህ መዝገብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የተመሠረተ ሲሆን፥ የእንግሊዝኛው ክፍል ከ6 ሚሊዮን በላይ፥ የአማርኛው ግን 15 ሺሕ ያህል ጽሑፎች ይዞ ይገኛል። ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው ይችላል። ይሁን እንጂ የተደረገው ለውጥ ሁሉ በታሪክ ገጹ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ምንጭ የሌለውንም ቃል ሌላው መጥቶ ያነሣዋል።

እኛ በልጅነታችን የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ መምህሩ ያነባል፥ ተማሪው ቃል ጽሕፈቱን ይጽፋል። «ይህን ከየት አገኙት?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቈጠር ነበረ። አማርኛንም ቢሆን፥ አፋችንን የፈታነው በትግርኛ ስለ ሆነ፥ በብዛት ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው። አሁን ግን በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያ የተከለከለው ጥያቄ ይጠብቀን ጀመር።

ለእኛ የደረሰን ስለ ወባ የሚናገረው ነበረ። ብዙ ጊዜ የሰማነው በሽታ ስለ ሆነ ሥራው የሚቀልለን መስሎ ታይቶን ነበረ። ሆኖም አንብቦ ማለፍና ለሌላው አንባቢ መጻፍ አንድ አይደለም። ለምሳሌ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ በጉበት ተሸሽጎ ከቈየ በኋላ ከወራት ብዛት ተነሥቶ ሰውየውን ደግሞ ያተኩሰዋል። ይህ ትኩሳት አዲስ ትንኝ ነድፎ ካመጣው የተለየ ነው። አማርኛ ለፊተኛው «አገረሸ» የሚል የተጣራ ቃል አለው፤ ለሁለተኛው «ዳግመኛ ተያዘ» እንላለን። ልዩነቱ የቋንቋ ጌጥ ብቻ አይደለም። በጉበት የተሸሸገውን ለማጥፋት በደም ውስጥ ያለውን ብቻ የሚገድለው መድኃኒት አይበቃም፤ ሐኪም የሚያዘው እንደ ፕሪማኩዊን ያለ መድኃኒት ያስፈልጋል። ልጅዋ ያተኰሳት እናት ይህን ገጽ ልታነበው ትችላለች ብለን ስናስብ፥ አንዲቱን ቃል ለመምረጥ አንድ ማታ መፍጀታችን አላስቈጨንም።

ስለ 1958 ወረርሽኝ የሚናገረው ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺሕ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ይህ ቍጥር የሚጠቀሰው በ1961 ከታተመ ጥናት ነው (ሁለቱም ዓመታት እንደ ፈረንጆች ናቸው)። «ይገመታል» የምትለው ቃል ብትወጣ ዓረፍተ ነገሩ ይበልጥ ያምራል፤ ጋዜጠኛም ሆነ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንዲህ ያለችውን ቃል መጣል ይወድዳል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በየገጠሩ የተቀበረውን አንድ በአንድ ማን ቈጠረው?

ከሁሉ ይልቅ የማንረሳው የበቈሎውን ክርክር ነው። በዕድሜ የሚበልጡን፥ በቆላ አገር ያደጉ አንዲት የክፍል ጓደኛችን፥ «የበቈሎ እሸት ወባ ያመጣል እያለች እናቴ ከማሳው ታባርረን ነበር፤ ይህ ለምን አይጻፍም?» አሉ። ምንጭ የሌለው እንደማይገባ ተነገራቸው። «እንግዲያው እናቴ ዋሽታለች ማለት ነው፥ ወንድሜ?» ብለው ወደ እኛ ሲመለሱ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከእርሳቸው ጋር ሁለት ማታ ፈለግን፤ አገኘንም። እንደ ፈረንጆች በ2000 የታተመ፥ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፥ የወባ ትንኝ እጭ ውሃ ላይ የወደቀውን የበቈሎ አበባ ብናኝ ሲመገብ ይበልጥ እንደሚፋፋ ያስረዳል። እሸት መብላት ወባ አያስይዝም፤ ነገር ግን በቈሎ በቤት አጠገብ ባበበ ጊዜ በኵሬው ያለው እጭ ይጠግባል። ጣልያኖችም በሽታውን «መጥፎ አየር» ብለው የሰየሙት ከረግረግ አጠገብ የሚኖረው ሰው ሲታመም አይተው ነው፤ ሮናልድ ሮስ በ1897 ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ውስጥ እስኪያገኘው ድረስ ትንኟን የጠረጠሩ ጥቂቶች ነበሩ። ሴትዮዋ በገጹ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመሩ፤ አንደኛው የሕዝቡን እምነት እንደ እምነት፥ ሁለተኛው የጥናቱን ውጤት እንደ ውጤት ይናገራል። እስከ ዛሬ ያነሣባቸው የለም።

ትምህርቱ ተፈጽሞ ውጤታችንን ተቀብለናል። ይሁን እንጂ እናታችን አማርኛ አታነብም፤ የትግርኛውም መዝገብ ከጥቂት መቶ ጽሑፎች ብዙ አላለፈም። ስለዚህ ወባን «ዓሶ»፥ ትንኝን «ጣንጡ» እያልን ያንኑ ጽሑፍ ማታ ማታ ወደ ትግርኛ መመለስ ጀምረናል። በዚህ ሳምንት የደረስነው ስለ አጐበር አሰቃቀል ከሚናገረው ላይ ነው።