በአዲስ አበባ ከተማ ቤት ስለ መፈለግ

ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ግድግዳውንና ቀለሙን ነው። ነገር ግን ግድግዳ ቢፈርስ ይሠራል፥ ቀለምም ቢለቅ ይቀባል፤ ቤቱ የቆመበት መሬት፥ የክረምቱ ውኃ መውረጃ፥ የጎረቤቱ ጠባይና የይዞታው ወረቀት ግን በገዢው እጅ የሚታደሱ አይደሉም። እኛም ከነቤተ ሰባችን ከጥር ወር ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ስንዞር ያየነውን፥ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ አንባብያን ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንደሚከተለው ጽፈነዋል። ገንዘባችን ከደመወዛችን የቆጠብነውና ባለቤታችን በዕቁብ ያጠራቀመችው ብቻ ነበረ፤ ይህ ገንዘብ በማይረባ ቤት ላይ ቢወድቅ ሁለተኛ የሚገኝ አይደለም።

አዲስ አበባ፥ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ከተቀመጡ ወዲህ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በስተ ሰሜን የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሲታይ፥ በስተ ደቡብ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ስለዚህ በአንዲቱ ከተማ ውስጥ ሁለት አየር አለ፤ ጠዋት በሽሮ ሜዳ ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው፥ ቀትር ላይ ቦሌ ሲደርስ ጋቢውን በክንዱ ይይዘዋል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብም ከተራራው ተነሥቶ በቀበናና በግንፍሌ ሸለቆ እየተንደረደረ ወደ ቆላው ይወርዳል። ይህን የውኃ መንገድ ሳያውቅ ቤት የሚመርጥ ሰው፥ ቤቱን ውኃው እንደሚመርጥለት ይወቅ።

መጀመሪያ ያየነው በቀበና ወንዝ አጠገብ ያለ ቪላ ነበረ። ወሩ ጥር ነበርና ሰማዩ ጠርቶ፥ ግቢው በጽጌ ረዳ ተሞልቶ፥ ሳሎኑም አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ አገኘነው። ልጆቻችን ወዲያውኑ የመኝታ ክፍሎቹን ተከፋፈሉ። ባለቤታችን ግን አንዱን ቁም ሣጥን ከግድግዳው ጥቂት እንዲያስለቅቁላት ለመነች፤ ከኋላውም ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሮ፥ ሻጋታ ይሸት ነበር። ሻጩ አምና የቧንቧ ውኃ ስለ ፈሰሰ ነው አሉ። እኛም እሺም እምቢም ሳንል ቆይተን፥ በሐምሌ ወር ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ በጣለ ማግስት፥ ደላላም ሳንጠራ ወደዚያው ሰፈር ሄድን። ወንዙ ከግቢው አጥር በታች ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ሲቀረው እያጓራ ይሄድ ነበር። ከጎረቤቱ ደጃፍ ጭቃ በመጥረጊያ የምታወጣ ሴት አግኝተን ብንጠይቃት፥ «የዘንድሮውስ ቀላል ነው፤ አምና አልጋችንን በጠረጴዛ ላይ ሰቅለን ነው ያደርን» ብላ ነገረችን። ከዚህ በኋላ ወደ ሻጩ አልተመለስንም።

ደላሎችን ማማት ልማድ ሆኗል። እኛ ግን እውነቱን ለመናገር፥ ሰፈሩን ከደላላ አብልጦ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም፤ የቱ ቤት ለምን እንደሚሸጥ፥ ማን ከማን ጋራ እንደ ተጣላ ሁሉ ያውቃሉ። ጉድለታቸው ቤትን በበጋና በቀትር ብቻ ማሳየታቸው ነው። ስለዚህ ያየነውን ቤት ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ በዝናብ፥ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ በምሽት ማየትን ሥርዓት አድርገን ያዝን።

ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አያት ሄደን የጋራ መኖሪያ ቤት አየን። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት በእንዲህ ያለ ሕንፃ ሰው ክፍሉን ለብቻው፥ ደረጃውንና ግቢውን ግን ከጎረቤቶቹ ጋራ በአንድነት ይይዛል። ክፍሉ በአራተኛው ፎቅ ላይ ነበረ፤ ፀሐይ በሁለት ወገን ይገባበታል፥ ወረቀቱም ንጹሕ ነው፥ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማ ባቡር መነሻም ከዚያ አይርቅም። ለወጣት ባለትዳሮች እጅግ የተመቸ ነውና ነቀፌታ የለንም። ነገር ግን ማንሻ የሌለው ደረጃ ነው። አማታችን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፥ «እኔ እዚህ ከወጣሁ የምወርደው በሰው ትከሻ ነው» አሉን። ባለቤታችንም ምጣዱ ወዴት እንደሚጣድ ጠየቀች፤ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት ከታች ተሠርቷል፥ ተራም ይያዛል። ባልዲ ሙሉ ሊጥ ይዞ አራት ፎቅ መውረድና እንጀራውን ተሸክሞ መውጣት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቀው ጋጋሪው ነው እንጂ ሐንዲሱ አይደለም።

የገርጂውን ቤት በአጭሩ እንናገራለን። ካየናቸው ሁሉ ያማረ እርሱ ነበረ፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነበረ። ሻጩ ብቻቸውን መጥተው፥ ባለቤታቸው ውጭ አገር ስለ ሆኑ ፊርማቸው አያስፈልግም አሉን። ብዙ ዘመን የፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች በመሆናችን ይህን ቃል ከዚህ በፊት በብዙ ክስ ውስጥ አንብበነዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን ቤት በስምምነት ካልሆነ በቀር መሸጥ እንዳይችሉ ደንግጓል። የውክልና ሥልጣን ያስልኩ ብለን ብንለምናቸው ተቈጡ፤ እኛም ሰላምታ ሰጥተን ወጣን። ትልቁ ልጃችን እስከ ዛሬ ስለዚያ ቤት ያዝናል።

የሰፈሩንም ፕላን መጠየቅ ግድ ነው። ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው፤ የሰፈሩ ብዙ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለመንገድና ለልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተነሥቷል። ከዚያ አስቀድሞ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ እንዲሁ ሆኖ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፥ ገዢው የሚገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ስለዚህ ያሰብነው ቤት በመንገድ መሥመር ላይ ያለ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሳንጠይቅ በዋጋ አልተነጋገርንም።

በመጨረሻ ያየነው በጉለሌ ከፍታ ላይ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ሲያዩት አያስደስትም። ግድግዳው ጭቃ ነው፥ ቆርቆሮው ዝጎ ቀይ ሆኗል፥ ኮርኒሱ አቡጀዲ ሆኖ በመካከሉ እንደ ከረጢት ወርዷል። ነገር ግን መሠረቱ እስከ ወገብ ድረስ የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ የግድግዳውንም እንጨት በአራቱ ማዕዘን ልስኑን ጥቂት ልጠን በቢላዋ ብንወጋው ምስጥ አልነካውም። በዙሪያው በረንዳ አለው፤ ይህም በምኒልክ ዘመን የህንድና የአርመን ሠሪዎች በከተማው ካስለመዱት ዓይነት ነው። በነሐሴ ዝናብ ሄደን ስናየው ውኃው በጓሮ በኩል በተቈፈረው ቦይ አልፎ ይሄዳል እንጂ ግቢ ውስጥ አይተኛም።

አንድ የሚያሳስብ ነገር ነበረ። በግቢው ውስጥ ከጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት በሆነ ጊዜ ትርፍ ተብለው ተወስደው፥ እስከ ዛሬ የቀበሌ ቤት ናቸው፤ አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጋራ ይኖሩባቸዋል። በሩ አንድ ነው፥ የውኃው ቧንቧም አንድ ነው። ደላላው ቈይተው ይወጣሉ እያለ ሊያጽናናን ሞከረ። እኛ ግን ሰው ይወጣል ብሎ ቤት መግዛት ደግ ሐሳብ ሆኖ አልታየንም፤ ይኖራሉ ብለን ማሰብ ጀመርን። ባለቤታችን አንድ ቀን ብቻዋን ሄዳ ከሴትዮዋ ጋራ ቡና ጠጥታ ተመለሰችና፥ «ከርሳቸው ጋራ መኖር ይቻላል፤ የቧንቧውንም ሒሳብ እስከ ዛሬ እኩል ሲከፍሉ ኖረዋል» አለችን። ከዚያ በኋላ ካርታውን ከወሰኑ ጋራ በሜትር አስለክተን፥ ሁለቱ ክፍሎች ከሚሸጠው ይዞታ ውጭ መሆናቸውን በጽሑፍ አስረጋገጥን።

ሻጮቹ አምስት ወራሾች ናቸው። እናታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አውጥተው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛልና፥ አምስቱም በአካል እንዲገኙ ጠየቅን። ታናሺቱ ከድሬ ዳዋ እስክትመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅናት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ስላዘዘ፥ የሚመጣብንን ክፍያ አስቀድመን አስልተን ከዋጋው ላይ ተከራከርንበት፤ ጥቂትም ቀነሱልን።

ውሉ በጥቅምት ወር ተፈረመ። ቁልፉን የተቀበለችው ባለቤታችን ናት። አማታችን ከበረንዳው በስተ ምሥራቅ ያለውን ማዕዘን ጠዋት ፀሐይ ስለሚመታው ለራሳቸው መርጠዋል። ጣራው ግን ከመጪው ሰኔ በፊት መለወጥ ስላለበት፥ አሁን የቆርቆሮ ዋጋ በመጠየቅ ላይ እንገኛለን።