በመስኮት የገባ ብርሃን

ረቂቅ ሥዕል ባየሁ ቁጥር «ይህንስ ሕፃንም ይሞነጫጭረዋል» እያልሁ አፌዝ ነበር። አፌን ያስያዙኝ ወይዘሪት አልማ ቶማስ የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊት ሠዓሊ ናቸው። በዋሽንግተን 35 ዓመት ሥዕል አስተምረው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ በቤታቸው መስኮት የሚታየው ዛፍ መምህራቸው ሆነ፤ በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ የሚገባውን ብርሃን በአጫጭር የቀለም ነጠብጣብ እየደረደሩ ሣሉት። በ1972 የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ሥራቸውን ለብቻው ሲያሳይ ዕድሜያቸው 80 ነበር።

እኔ ግን ገና በ20 ዓመቴ «ዘገየሁ» ብዬ ብሩሼን ጥያለሁ። ወዳጆቼ ሆይ፥ ትናንት ጧት መጽሐፌን አጥፌ በመኝታ ክፍላችን መስኮት ያለውን ዛፍ አየሁት። ሦስት ዓመት አጠገቡ ስተኛ አረንጓዴ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ቢጫውንና ሰማያዊውን ያየሁት ገና አሁን ነው። ብሩሼንም ከሣጥኑ አወጣሁት።