በጋራዣችን ያደረው አደራ

በዚህ ወር ልናወጋችሁ የተነሣነው ስለ ጋራዥ መደርደሪያ ነው። «ከዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ጎረቤት ሐቅ እንጂ ስለ ጣውላና ሚስማር አንጠብቅም» የሚለን ሰው አይጠፋም። ጥቂት ታገሱን፤ እኛም ነገሩ የጣውላና የሚስማር ብቻ መስሎን ነበር።

የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ውስጥ ነው። ሁለታችንም መምህራን ነን። ቤታችንን ስንሠራ እንደ ሰፈሩ ወግ በግቢው በር በኩል ባለ ሁለት ተከፋች የላሜራ በር ያለው ጋራዥ አስገባንበት። መኪና አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። ለምን ጋራዥ እንዳስፈለገን ብትጠይቁን «ፕላኑ ላይ ስለነበረ» ከማለት ሌላ መልስ የለንም። በሰፈራችን እንዲህ ያለ መኪና አይቶ የማያውቅ ጋራዥ ሞልቷል። አንዱ ሱቅ ሆኗል፣ ሌላው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይቷል፣ የቀረው ደግሞ «ይህን ለጊዜው እዚያ አስቀምጠው» የሚባልበት ነው። የእኛ ከዚህኛው ወገን ነበር። ኋላ እቁብ ሲደርሰን አንድ ባጃጅ ገዛን፤ የወንድማችን ልጅ ቀን ይሠራባታል፣ ማታ ከተከመረው ዕቃ ፊት አቁሟት ይሄዳል።

«ለጊዜው» የተባለው ቦታ የሰው ዕቃ ማደሪያ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ወረዳዎች ሲዘልቅ ከአዲአርቃይና ከዛሪማ መስመር የተፈናቀለ ብዙ ሰው ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባትና ወደ ጎንደር መጣ። የሚያውቀን ሰውም፣ የሚያውቀንን የሚያውቅም፣ ማረፊያ እስኪያገኝ ድረስ ዕቃውን እኛ ዘንድ አኖረ። ፍራሽ፣ የስፌት መኪና፣ በጆንያ የታሰረ ድስትና ሰሐን። እኛም «አብሽሩ፣ ጋራዡ ሰፊ ነው» አልን። ቃሉ ያን ጊዜ ቀሎን ነበር።

ከእነዚያ መካከል አንዲት የዛሪማ እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ። ንብረት ብለው ያመጡት አንድ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ቁልፉን በክር አድርገው ካንገታቸው አንጠልጥለውታል። አዲስ አበባ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ሲነሡ ሳጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ሌላው ሁሉ ይጥፋ፤ ይቺን ግን አደራ» አሉን። ምን እንዳለበት አልጠየቅንም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። ወስደን ከጋራዡ የኋላ ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ አስቀመጥነው። አቧራ እንዳይነካው ብለንም በላስቲክ ጥቅልል አድርገን ሸፈንነው። በዚህስ ትንሽ ሳንኮራም አልቀረን።

ሦስት ክረምት አለፈ። አብዛኛው ባለ ዕቃ እየመጣ ዕቃውን ወሰደ። የዛሪማዋ እናታችን የመጡት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ሳጥኑን በሁለት በኩል ይዘን ስናነሣው ታችኛው ጣውላ መሬቱ ላይ ቀረ። ምስጥ በልቶታል፤ ምስጥ የተወውን እርጥበት አበስብሶታል። ከላይ የነበረው ቁርኣናቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ስለነበር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ከሥሩ ግን አንድ ነጭ ጨርቅ ነበር፤ ቡናማ ሆኖ፣ እጥፋቱ ላይ ተበሳስቶ። አንሥተው ወደ ብርሃኑ ዘረጉት። ከፈናቸው ነው። ወንድማቸው ሐጅ ባደረጉ ጊዜ በዘምዘም አጥበው ያመጡላቸው።

«የአላህ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጨርቁ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቡናቸውን ጠጡ፣ ለልጆቻችን ዱዓ አደረጉ፣ ወደ እንግዳ ማረፊያቸው ሄዱ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ከፈን የግድ በዘምዘም መታጠብ አለበት የሚል ድንጋጌ እንደሌለ እናውቃለን፤ መድረሳ ተቀምጠናል። ይሁን እንጂ ከሰሓቦች አንዱ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተበረከተ ልብስ ለምኖ የወሰደው ከፈኑ እንዲሆንለት እንደነበር፣ በመጨረሻም በእሱው እንደተከፈነ የሚያወሳ ሐዲስ በቡኻሪ ውስጥ አለ። ሰው ለመጨረሻ ጉዞው ያሰናዳውን ጨርቅ «ተራ ጨርቅ ነው፣ ይተካል» ለማለት አንደበታችን አልታዘዘንም። ወንድማቸውም ሞተዋል። የእሳቸው እጅ ያጠበውን ከየት እናመጣለን?

በማግስቱ አዲስ ዓለም ወዳሉት፣ በልጅነታችን ወዳስቀሩን ሼኽ ሄድን። አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ ወዲህ የኖሩበት ሰፈር ነው። ኑሯቸው ንግድና ሽመና ነበር። ወደ መተማና ወደ ምጽዋ የሚወርድ ነጋዴ ወራት ይቆያል፤ ቤቱንና ገንዘቡን የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል። የአደራ ሕግ እዚያ ሰፈር በኪታብ ብቻ የሚቀራ አልነበረም ለማለት ነው።

ሼኻችን ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙን። በፊቅህ ይህ «ወዲዓ» እንደሚባል፣ አደራ ተቀባይ ሆን ብሎ ካላጠፋ ወይም በጥበቃው ካላጓደለ በቀር ለጠፋው ዕቃ እንደማይከፍል ነገሩን። ይህን ስንሰማ ደረታችን ቀለል አለው። ሆን ብለን አላጠፋን፤ ዝናቡንም ምስጡንም ያመጣነው እኛ አይደለንም። ሼኹ ግን አንዲት ጥያቄ አስከተሉ፤

«የራሳችሁን ዕቃ የት ነበር ያኖራችሁት?»

ዝም አልን። በዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ ከፍ ብሎ በተመታ ጣውላ ላይ፣ የቴሌቪዥናችን ካርቶን ነበር። ቴሌቪዥኑ እንኳ አይደለም፤ ባዶ ካርቶኑ! «ቤት ብንቀይር ይጠቅማል» ብለን ከነስፖንጁ ሰቅለነው፣ የሰው ከፈን መሬት ላይ አኑረናል።

«እንግዲያስ መልሱ እናንተው ጋ ነው» አሉን። አደራ የሚጠበቀው መሰሉ ዕቃ በሚጠበቅበት ቦታ መሆኑን አስረዱን። ቀጥለውም የሂጅራውን ታሪክ አስታወሱን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 እ.ኤ.አ. ከመካ ሲሰደዱ፣ ሊገድሏቸው የዶለቱባቸው ሰዎች ከተማ ውስጥ እንኳ የሰው አደራ በእጃቸው ነበር፤ ለየባለቤቱ እንዲያስረክብ ዓሊን (ረ.ዐ.) ወደኋላ ትተውት ሄዱ።

ክፈሉ ተባልን፤ ከፈልን። የጥቂት ክንድ አቡጀዲ ዋጋ ነው። የሚያሳፍረውም ይኸው ነበር፤ ከኪሳችን መውጣቱ እንኳ አልታወቀንም። እናታችን መጀመሪያ እምቢ ብለው የሼኹን ቃል ስንነግራቸው ተቀበሉ።

መደርደሪያውን ማቀድ የጀመርነው ያን ዕለት ማታ ነው።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጋራዡን እንዳለ ግቢ ውስጥ ገለበጥነው። ዕቃውን በሦስት ከፈልን፤ የእኛ፣ የሰው፣ የማንም ያልሆነ። የማንም ያልሆነው ክምር ከሁለቱ በለጠ። እግር የሌላቸው ወንበሮች፣ የተሰነጠቁ ሁለት ምጣዶች፣ የማይበራ ፋኖስ፣ ያረጀ የተማሪ ፈተና ወረቀት በማዳበሪያ ሙሉ። የጠፋ መስሎን እንደገና የገዛነው መዶሻም እዚያው ተገኘ፤ አሁን ሁለት መዶሻ አለን። የሚሰጠውን ሰጠን፣ የሚጣለውን ጣልን፣ ካርቶኑን የልጆቻችን እናት ራሷ ቀዳዳ አቃጠለችው። የሰው የሆነውን ደግሞ በደብተር መዘገብን፤ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደመጣ፣ ምን እንደሆነ፣ ስልኩ። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን ለተማሪ ስናስተምር ኖረን፣ ለራሳችን ጋራዥ አንዲት መስመር አለመጻፋችን ይገርማል።

ከዚያ ሜትር ያዝን። ጋራዡ 3 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ከ20 ርዝመት አለው። ባጃጇ ወርዷ 1 ሜትር ከ30፣ ርዝመቷ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ከባጃጇ ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ነው፤ አናጢውም «እዚህ ግድም አድርገን እንምታው» ብሎ ነበር። ነገር ግን ግቢያችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ ያ ግድግዳ ከወገቡ በታች አፈር ተደግፎ የቆመ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው በብሎኬቱ ሰርጎ ይገባል። ሳጥኑን የፈጀው እሱ ነው። ላስቲኩም ረድቶታል፤ ከወለሉ የሚነሣው እርጥበት መውጫ አጥቶ እዚያው ሲልብ ኖሯል። በመሸፈናችን ጎዳነው።

ስለዚህ መደርደሪያውን በግራው ግድግዳ አደረግነው። ጥልቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ከሰፋ ከፊት ያለው ዕቃ ከኋላ ያለውን ይደብቀዋል፣ የተደበቀ ዕቃ ደግሞ ይረሳል። ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል፣ 10 ሴንቲ ሜትር፣ አራቅነው። ባጃጇ ገብታ 1 ሜትር ከ15 መተላለፊያ ይተርፋል፤ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ያልፍበታል። ከበሩ በኩል 1 ሜትር ከ20 ባዶ ትተን በቀረው 4 ሜትር ላይ በየ80 ሴንቲ ሜትሩ ቋሚ አቆምን። አናጢው እንጨት ለመቆጠብ በየሜትር ከ60 ይበቃል ብሎ ተከራከረን። እዚህ ላይ የዘመናዊው ትምህርት ጠቀመን፤ እኩል ክብደት የተዘረጋበት ጣውላ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚጎብጠው እጥፍ አይደለም፣ 16 እጥፍ ነው። መጽሐፍ የተደረደረበት ጣውላ ያየ ሰው ያምነናል።

ችፑድ ርካሽ ነው፤ ግን እርጥበት ሲነካው ያብጣልና ተውነው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላና ሞራሌ ገዛን። እርጥቡ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ሻጩ «ደርቋል» ሲላችሁ አንሥታችሁ መዝኑት። ቋሚዎቹን ወለሉ ላይ አላሳረፍናቸውም፤ ከየሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብተን እግራቸውን የተቃጠለ ዘይት ቀባናቸው። ምስጥ ብርሃን ስለማይወድ የጭቃ ዋሻ እየሠራ ነው የሚወጣው፤ ድንጋዩ ላይ ዋሻው ወዲያው ይታያል። ይህ የእኛ ብልሃት አይደለም። ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለ ገበሬ ጎተራውን ድንጋይ ላይ ያቆማል። አያቶቻችን የሚያውቁትን እኛ ዲፕሎማ ይዘን ረሳነው።

የመጀመሪያው መደብ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ መጥረጊያ ያስገባል፣ አይጥም ጎጆ ቢሠራ ይታያል። ከባዱ ዕቃ ታች፣ ቀላሉ ላይ። ከጣሪያው ሥር ሁለት ቀዳዳ አስከፍተን ወንፊት አስመታን፤ የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ አየር ካላገኘ ቆርቆሮው ያልበውና ያንጠባጥባል።

ሁለት ነገሮችን ከጋራዡ አስወጣን። አንደኛው የባጃጇ መጠባበቂያ ቤንዚን ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ማስቀመጥ ለምደን ነበር፤ የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ብሎ ካለ የከሰል ምድጃ እሳት ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛው ለነቀዝ የሚሸጠው ክኒን ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ያለበት ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። የጋራዡ ቀኝ ግድግዳ የልጆቻችን መኝታ ቤት ግድግዳ ነው። ያን ክኒን ጤፍ ጆንያው ሥር ያገኘን ቀን እግራችን ነው የከዳን።

እናታችን በመጋቢት እንደገና መጡ። ዛሪማ ያለው ቤታቸው እስኪጠገን ድረስ ሳጥናቸው እዚሁ እንዲቆይ ፈልገዋል። አናጢው አዲስ ወለል መትቶለት ነበር። አዲስ አቡጀዲ ገዝተዋል፤ ካሳው ለእሱ እንደዋለ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅን። ጨርቁን አጥፈው ከቁርኣኑ ሥር አኖሩት፣ ቆለፉት፣ ቁልፉን ወደ አንገታቸው መለሱ። እኛም ሳጥኑን ተሸክመን በኩራት ሦስተኛው መደብ ላይ፣ የመጨረሻው ደረቅ ቦታ ላይ፣ ሰቀልነው። ከቋሚው ላይ ቁጥር ለጠፍን፣ በደብተሩ ጻፍን፣ አስፈረምናቸው፤ በአውራ ጣታቸው።

ቀና ብለው አዩት። እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሰም።

«እማማ፣ እኛ እናወርድልዎታለን» አልናቸው።

«እናንተ ትምህርት ቤት በሆናችሁ ጊዜስ?» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቁመቱን አሳዩን። «እዚህ ላይ አድርጉልኝ።»

ሁለተኛው መደብ በእሳቸው ደረት ልክ አልነበረም፤ አንድ ስንዝር ዝቅ ማለት ነበረበት። መዶሻዎቹን አምጥተን ሚስማሩን መንቀል ጀመርን። ሁለት መሆናቸው ያን ዕለት ጠቀመ።