የባቡር ፓሱ «አገርህ ጀርመን ነው» ሲል

ወንድም ፍራንክፈርት፣ እህት ስቶክሆልም ይኖራሉ እንበል። ሁለቱም የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ አላቸው። ሁለቱም ኢንተርሬይል የተባለውን፣ በ33 አገሮች የሚሠራውን የባቡር ፓስ ገዙ። እሷ የጉዞ ቀኖቿ እስኪያልቁ ድረስ ከሐምቡርግ ሙኒክ መመላለስ ትችላለች። እሱ ግን ጀርመን ውስጥ የተፈቀደለት ሁለት ጉዞ ብቻ ነው፦ አንድ መውጫ፣ አንድ መመለሻ።

ልዩነቱን ያመጣው ዜግነት አይደለም። ፓሱ የሚያየው የመኖሪያ አገርን ነው። የጀርመን ዜግነት ለማግኘት ዓመታት የሚጠብቅ ሰው፣ ለባቡሩ ግን ከወዲሁ «የአገር ልጅ» ነው። ጥቅም በሚያስቀርበት ጊዜ መሆኑ ነው እንጂ ክብሩስ ባልከፋ!

ኢንተርሬይል እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀመር ዕድሜያቸው እስከ 21 ለሆነ ወጣቶች ነበር። ሁለቱ የአገር ውስጥ ጉዞዎች የተጨመሩት በ2016 ነው። ገደቡ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ የአገሬው ሰው በርካሽ ፓስ የሚመላለስ ከሆነ መደበኛውን ትኬት ማን ይገዛል? ስሌቱ ይገባል። ግን ዘመዱ በርሊን፣ ሥራው ፍራንክፈርት ለሆነ ሰው ውድ የሆነበት ጉዞ ይኸው የአገር ውስጡ ነው።

ለእሱ የቀረው ዶይችላንድቲኬት ነው። በግንቦት 2023 በወር 49 ዩሮ ብሎ ጀመረ፤ ከጥር 2026 ወዲህ 63 ደርሷል። ፈጣኑን አይሲኢ አያሳፍርም፤ ከፍራንክፈርት በርሊን በአካባቢ ባቡሮች እየቀያየሩ መሄድ ቀኑን ይበላል። ያም ሆኖ አገር ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ከኢንተርሬይል ይሻላል። ፈጣኑንም ጨምሮ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬደው ባንካርድ 100 ከ4,000 ዩሮ በላይ ነው፤ ፈረቃ ሠርቶ ለሚያድር ሰው የሚታሰብ አይደለም።

ኢንተርሬይሉን የሚገዛ ሰው መውጫዋን ቀን በደንብ ይጠቀምባት። በዚያ ቀን ባቡር መቀያየር ስለሚቻል ጠዋት ሐምቡርግ ወዳጅ ጠይቆ፣ ማታ ዴንማርክ መግባት ይቻላል። ወረቀቱን ግን አስቀድሞ ይይ። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ያለው በሼንገን አገሮች ለአጭር ጊዜ ይዘዋወራል፤ ብሪታንያ በፓሱ ውስጥ ብትኖርም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ትጠይቃለች። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ደግሞ ፓሱን በኪሱ ቢይዝም ድንበር መሻገር አይፈቀድለትም።