ካህን ሲጠፋ ቁልፉ የማን ነው?

እዚህ ገጽ ላይ ከምንጽፈው መካከል ኦርቶዶክስም ካቶሊክም አለን። ሰሞኑን ግን ያጨቃጨቀን የራሳችን ደብር ሳይሆን የአሜሪካ ካቶሊኮች ጉዳይ ነው። ካህን አነሰ፤ ስለዚህ ቁምስናዎች ይጣመራሉ፣ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ። ፒትስበርግ በ2018 የነበሯትን 188 ቁምስናዎች ወደ 57 እንደምታወርድ አስታወቀች። ባልቲሞር ደግሞ በ2024 በከተማዋና በዙሪያዋ ያሉት 61 ቁምስናዎች 23 ብቻ እንዲሆኑ ወሰነች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ሒሳቡ ሐሰት አይደለም። በ1970 በአሜሪካ ከ59 ሺህ በላይ ካቶሊክ ካህናት ነበሩ፤ በ2020 የቀሩት 35 ሺህ ገደማ ናቸው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። በላቲን ሥርዓት አንድ ካህን ይበቃል። እነሱ ያጡት ያንን አንዱን ነው።

ያልተዋጠልን የቦስተን ነገር ነው። ሊቀ ጳጳስ ሾን ኦማሊ በ2004 ከ357 ቁምስናዎች 65ቱ እንዲዘጉ ሲወስኑ ያቀረቡት ምክንያት የካህን እጥረት፣ የአስቀዳሽ ማነስና የገንዘብ ችግር ነበር። ነገር ግን ገና በ2003 ሀገረ ስብከቱ በካህናት ለተደፈሩ ሰዎች 85 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ሊከፍል ተስማምቶ ነበር። ‹‹ከተዘጉት የሚገኘው ገንዘብ ለዚያ አይውልም›› ቢባልም ስንቱ ይመን?

ከቦስተን በስተደቡብ፣ ባሕር ዳር ባለችው ሲቹዌት የቅድስት ፍራንሲስ ዣቪየር ካብሪኒ ምእመናን ‹‹አንወጣም›› አሉ። ተራ አውጥተው ቀን ከሌሊት ቤቱን ጠበቁ። የአንድ ሰሞን ግርግር እንዳይመስላችሁ፤ ከኦክቶበር 2004 እስከ ሜይ 2016 ድረስ ነው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ተኩል በላይ! ካህን የለም፣ እነሱ ግን አሉ፤ ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ መብራቱን ያበራሉ፣ አዳሪው ያድራል። ለቫቲካን አቤት ብለው ተረቱ። የማሳቹሴትስ ፍርድ ቤትም ውጡ አላቸው። በመጨረሻ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን አላይም ሲል ወጡ።

ከመካከላችን አንዷ፣ ካቶሊኳ፣ ‹‹ታዲያ ጳጳሱ ካህን ከየት ይፍጠሩ?›› ብላ አፋጠጠችን። ልክ ናት፤ ማንም ካህን አይፈጥርም። ግን ካህን ማጣትና በር መቆለፍ አንድ ነገር አይደሉም። የራሳቸው ሕገ ቀኖና፣ ቁጥር 517፣ ካህናት ሲያንሱ ጳጳሱ የቁምስናውን እረኝነት ዲያቆን ወይም ተራ ምእመን እንዲካፈል አደራ መስጠት ይችላሉ ይላል፤ አንድ ካህን ከበላይ ሆኖ ይመራል። ምእመኑ አይቀድስም፣ ኑዛዜም አይቀበልም። ሕፃናትን ማስተማር፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ በሩን ከፍቶ መጠበቅ ግን ይችላል። የሲቹዌት ሰዎች ያሳዩትም ይህንኑ ነው። በየዕለቱ የሚያድርለት ሰው ያለውን ቤት ከባዶው ጋር እኩል ‹‹ትርፍ›› ብሎ መቁጠር፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የእረኛ ሥራ አይመስለንም።

ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ እጅ አልሰጠችም። ‹‹እሺ፣ የክረምቱን የማሞቂያ ሒሳብ ማን ይክፈል?›› ትለናለች።