አንዲት ፊደል ያስተወችኝ ትምህርት

አንባቢ ሆይ! እርስዎም ተማሪ ሳሉ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ያፈሩበት ቀን እንዳለ አልጠራጠርም። እስቲ የእኔን ላጫውትዎ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ጠመኔ ሰጡኝና «የሶዲየምን ምልክት ጻፍ» አሉኝ። ስሙ በ«ኤስ» ይጀምራልና ሳላመነታ «ኤስ» ብዬ ጻፍሁ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። መምህሩም «ይኼማ የድኝ ነው፤ የሶዲየም ኤን እና ኤ ነው፤ ሸምድደህ ና!» ብለው ወደ ቦታዬ መለሱኝ። ለምን እንደ ሆነ እሳቸውም አልነገሩኝ፤ እኔም አልጠየቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኬሚስትሪ ለእኔ እንዳልተፈጠረ ቈጥሬ ተውሁት፤ ዕድሜዬንም በመዝገብ ቤት ፋይል ስደረድር ኖርሁ።

ባለፈው ክረምት ልጄ ያንኑ ትምህርት ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት። ያን ጊዜ አብረን መጽሐፍ ገለጥን።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ንጥረ ነገር ማለት በኬሚስትሪ ዘዴ ወደ ሌላ ነገር ሊከፋፈል የማይችል መሠረታዊ ነገር ነው። ዛሬ የታወቁት 118 ናቸው። አብዛኞቹ እንደ መዳብና እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቁ፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ብረታ ብረቶች ናቸው። እንደ ድኝና እንደ ኦክሲጅን ያሉት ከብረት ወገን አይደሉም። እንደ ሲሊከን ያሉት ጥቂቶች ደግሞ ከሁለቱም ወገን ጠባይ አላቸው።

ስማቸውን ግን ሁሉም በየቋንቋው ይጠራዋል። እኛ ብረት የምንለውን እንግሊዝ «አይረን»፣ ፈረንሳይ «ፌር» ይለዋል። ስለዚህ የስዊድኑ ሊቅ ቤርሴሊዩስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ዘዴ አመጣ፤ ይኸውም ምልክቱ የአውሮፓ ሊቃውንት በጋራ ከሚያውቁት ከላቲን ስም የመጀመሪያ ፊደል እንዲወሰድ፣ ሁለት ስሞች በአንድ ፊደል ቢገናኙ ሁለተኛ ፊደል እንዲጨመር ነው። ብረት «ፌሩም» ነውና ኤፍ-ኢ፣ ወርቅ «አውሩም» ነውና ኤ-ዩ ሆነ። ሶዲየምም በላቲኑ «ናትሪየም» ስለ ተባለ ኤን-ኤ ተጻፈ። ፖታሲየም «ካሊየም» ተብሎ በ«ኬ» ይጻፋል፤ ይህም ስም የመጣው ዐረቦች የተክል ዐመድን ከሚጠሩበት ቃል ነው።

ሶዲየም ለብቻው በቢላዋ የሚቈረጥ ለስላሳ ብረት ሲሆን፣ ውሃ ሲነካው በኀይል ይቀጣጠላል። ክሎሪን በ1915 እ.ኤ.አ. በኢፕር ግንባር ወታደሮችን የፈጀ መርዘኛ ጋዝ ነው። እነዚህ ሁለት አደገኞች ሲዋሐዱ ግን፣ አባቶቻችን ከአፋር ምድር በግመል እያስጫኑ አሞሌ ብለው የተገበያዩበት ጨው ይሆናሉ! ይኸው ከወጥ ቤታችን የማይጠፋውን ነገር ነበር የባዕድ ትምህርት ነው ብዬ የሸሸሁት።

ልጄ እንባዋን ጠረገችና «አባባ፣ እንዲህ የሚቀል ከሆነ ታዲያ እርስዎ ለምን ተዉት?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

አንባቢ ሆይ! «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ተማሪ ቢሆኑ መምህርዎን፣ ጸሓፊ ቢሆኑ አለቃዎን «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። የክፍል ሳቅ ከደወሉ ጋር ያልፋል፤ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ግን እንደ እኔ ዕድሜ ልክ ይከተላል።